አቤት የሚባልበት ደጅ

ደራ ሲባል ብዙ ሰው የደቡብ ጎንደሩን ወይም የሰሜን ሸዋውን ወረዳ ያስባል። እዚህ የምንነጋገረው ስለ አርሲዋ ደራ ነው፤ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለምትገኘው፣ የዶዶታ ወረዳ መቀመጫ ስለሆነችው ከተማ። አካባቢው ቆላማ ነው፤ ዝናቡ አንድ ዓመት ሰጥቶ ሌላውን ዓመት ይነሳል። የገበሬው ኑሮ በቀበሌው በኩል ያልፋል። የመሬት ይዞታው የሚታወቅለት፣ ማዳበሪያ ሲመጣ ስሙ የሚጠራለት፣ በድርቅ ጊዜ የእርዳታ መዝገብ ውስጥ የሚገባው ወይም የሚወጣው፣ ልጁ መታወቂያ ሲፈልግ ማኅተም የሚመታለት እዚያ ነው። ሚሊሻ መጥቶ የሚይዘውም ከዚያው ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ሹም ሲበድል ተበዳዩ ዳኛ ከማጣቱ በፊት ድፍረት ያጣል፤ ዛሬ የከሰሰውን ሰው ነገ ለማዳበሪያ ይለምነዋልና።

ታዲያ አቤት የሚለው ወዴት ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ እንዲሆኑ በኢትዮጵያ ከመቶ ዓመት በላይ ተቋማት ሲቋቋሙ ኖረዋል። ችሎት፣ ኮሚሽን፣ ሸንጎ፣ ቁጥጥር ኮሚቴ፣ ጉባኤ፣ እንባ ጠባቂ። ስማቸው ከመንግሥት ጋር ይለወጣል። በየዘመኑ የበደል ሰሚ ተሾሟል፤ በሥልጣን ላይ ያለን ሹም ፍርድ ቤት የሚያቆም ከሳሽ ግን አልተሾመም። ታሪካቸው ባጭሩ ይህ ነው፤ ዝርዝሩ ግን መታየት ይገባዋል።

አርሲ በ1870ዎቹ መጨረሻ በራስ ዳርጌ ዘመቻ ወደ ምኒልክ ግዛት ከተጠቃለለ በኋላ መሬቱ ለመኳንንትና ለወታደር ተደለደለ። የአገሬው ሰው ገባር ሆነ። ገባሩ የሚገብረው ለመልከኛው ነው፤ ሲጣላ የሚዳኘውም መልከኛው ዘንድ ነው። በጊዜው የነበረው የሙግት ሥርዓት በራሱ መናኛ አልነበረም። ማንም ሰው «በሕግ አምላክ» ብሎ ባላንጣውን ያስቆም ነበር፤ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። በእኩዮች መካከል ይህ ድንቅ ሥርዓት ነው። መልከኛውን ከነጠላው ጋር ቋጥሮ ወደ ዳኛ የሚነዳ ገባር ግን ከወዴት ይመጣል?

ከመልከኛው በላይ ያለው መንገድ ረጅም ነበር። ከወንበር ወደ አፈ ንጉሥ፣ ከአፈ ንጉሥ ወደ ዙፋን ችሎት። አጼ ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርዱን ነገር የያዙት አፈ ንጉሥ ነሲቡ ነበሩ። በመርሕ ደረጃ ድሃ ሁሉ «ጃንሆይ አቤት» ብሎ ከንጉሡ ጆሮ መድረስ ይችላል፤ የደረሰም አለ። ነገር ግን የአርሲው ገባር አዲስ አበባ ለመድረስ ስንቅ ይፈልጋል። ደርሶም የሚናገረው በኦሮምኛ ነው፤ ችሎቱ የሚሰማው በአማርኛ። ነገሩ በአስተርጓሚ አፍ ተጣርቶ እስኪያልፍ ግማሹ ይቀራል። ከዚያ ደጅ ጥናት ይከተላል፤ ሳምንት ወር ይሆናል፣ ወሩ ክረምት ያገኘዋል፣ እርሻው ያለ አራሽ ይቆያል።

አርሲዎች ለራሳቸው ከዚህ የቀረበ ደጅ ነበራቸው። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ሴት ስታገባ ከእናቷ የምትቀበላት ቀጭን በትር ሲንቄ ትባላለች። ሴት ስትበደል፣ በተለይ አራስ ሳለች ስትመታ፣ ጩኸቷን የሰሙ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ጥፋተኛው ሽማግሌ ፊት ቀርቦ እስኪክስ ድረስ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ሁለት ወገን ሲዋጋ በመካከል ሲንቄ ከተነሳ ውጊያው ይቆማል። እኔ በዚህ ሥርዓት የምደነቅበት ነገር የጎረቤት ግዴታው ነው። ጩኸት የሰማ ዝም ማለት አይችልም፤ ማመልከቻ የሚጻፍበት ወረቀትም አይጠየቅም። ድክመቱም የዚያኑ ያህል ግልጽ ነው። ሲንቄ የሚያስገድደው በሥርዓቱ የሚያምነውን ሰው ነው፤ በሹመት ደብዳቤ የመጣው አገረ ገዥ ከዚያ ውጭ ቆሟል። የኦሮሚያ ክልል በ2013 ዓ.ም. የባህል ፍርድ ቤቶችን በአዋጅ ዕውቅና ሲሰጥም ይህ ወሰን አብሮ ቀጥሏል፤ ፍርድ ቤቶቹ የሚዳኙት ሁለቱም ወገኖች ሲስማሙ ነው። የታሰረና ያሳሰረ ደግሞ በምን ይስማማሉ?

በወረቀት ላይ የዜጋው መብት እየሰፋ ሄደ። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ለመንግሥት አቤቱታ ማቅረብን ፈቀደ። በ1934 ዓ.ም. ዘመናዊ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 2 ተደራጁ፤ ግን አገረ ገዥው ራሱ በችሎት የሚሰየምበት ጊዜ ነበርና አስተዳዳሪን ለመክሰስ የሄደ ሰው አስተዳዳሪውን ወንበር ላይ ያገኘው ነበር። በ1939 ዓ.ም. ደግሞ አጥቢያ ዳኛ መጣ። ሥልጣኑ በፍትሐ ብሔር እስከ 25 ብር፣ በወንጀል እስከ 15 ብር መቀጫ ነው። ለገበሬው ቅርብ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አጥቢያ ዳኛው ራሱ ባለመሬት ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። ንጉሠ ነገሥቱን መክሰስ አይቻልም ይላል፤ ነገር ግን መንግሥትን፣ ሚኒስቴሩንና መሥሪያ ቤቱን ላደረሰው ጉዳት መክሰስ ይቻላል ይላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2126 ይህን አጠናከረው፤ የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ላደረሰው ጉዳት ካሣ ይከፍላል፣ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ደግሞ ተበዳዩ መንግሥትንም መጠየቅ ይችላል። ይህ ድንጋጌ ዛሬም አልተሻረም። ስንት የዶዶታ ገበሬ ያውቀዋል? ሕጉ በወጣበት ዘመን ሰው የሚያምነው ሌላ መንገድ ነበር፤ የጃንሆይ መኪና ስታልፍ ወረቀት ከፍ አድርጎ መሮጥ። ወረቀቷ ብትወሰድ እንኳ ጉዳዩ ተመልሶ የሚላከው ለዚያው ለጠቅላይ ግዛቱ ነበር። «ጉዳዩ ተጣርቶ ይቅረብ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስንት ገበሬ እንደገና በበዳዩ እጅ እንደጣለ ይታሰብ።

የመጀመሪያው ትልቅ መርማሪ የተቋቋመው ዙፋኑ ሲንገዳገድ ነው። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ የቀድሞ ባለሥልጣናትን ጥፋት፣ በተለይ የወሎን ረሃብ መደበቅ፣ የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ሰብሳቢው ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ነበሩ፤ ረሃቡን ቀድመው ካጋለጡት ምሁራን አንዱ። ኮሚሽኑ ሹማምንቱን እያስጠራ ጠየቀ፤ ገጠሬ በረሃብ ሲያልቅ ያላወቀው ማን እንደሆነ፣ አውቆ ዝም ያለውስ ማን እንደሆነ መመዝገብ ያዘ። ደርግ ግን የምርመራውን ፍጻሜ አልጠበቀም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ስልሳ ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ። መርማሪው ተቋም ሥራውን ሳይጨርስ ጥይት ቀደመው።

ለአርሲ ገበሬ የዚያ ዓመት ትልቁ ዜና ግን የየካቲት 25ቱ የመሬት አዋጅ ነው። ከዚያ በፊት በ1960 ዓ.ም. ገደማ አሰላ ላይ በስዊድን እርዳታ የተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር አመጣ፤ ምርት ሲያድግ ባለመሬቱ ትራክተር አስገብቶ ጭሰኛውን አስነሳ። ጭሰኛን ከመነቀል ያድናል የተባለው ረቂቅ ሕግ ፓርላማ ውስጥ ሞተ። ስለዚህ አዋጁ ሲታወጅ በአርሲ የነበረው ደስታ እውነተኛ ነበር። የገበሬ ማኅበር የራሱ ፍርድ ሸንጎ ኖረው፤ ገበሬ ገበሬን ይዳኝ ጀመር። ለአንድ ጊዜ ደጁ ቅርብ፣ ቋንቋውም የራስ ሆነ።

ደስታው ረጅም ዕድሜ አላገኘም። ሊቀመንበሩ የመንግሥት መልእክተኛ ሆነ። የእህል ኮታ የሚሰበስበው፣ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት የሚመለምለው፣ በ1978 ዓ.ም. አርሲ ውስጥ መንደር ምሥረታ ሲመጣ ጎጆ የሚያስፈርሰው እሱ ነው። ሸንጎውም ከሊቀመንበሩ እጅ አልወጣም። በ1970ዎቹ ለባለሥልጣን ብልሹነት መፍትሔ ተብሎ የሠርቶ አደር ቁጥጥር ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ዋና ሥራው ግን የመንግሥትን ንብረት መጠበቅ ነበር። በሊቀመንበሩ የተደበደበ ገበሬ በኮሚቴው መዝገብ ዓምድ አልነበረውም።

ደርግ ሲወድቅ ሁለት ተቋማት ተወለዱ። ንጽጽራቸው ብዙ ያስረዳል።

አንደኛው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ነው፤ በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 22 ተቋቋመ። የክሱ ዝርዝር 5,198 ሰዎችን ይዞ ነበር፤ ከላይ ውሳኔ ከሰጡት ጀምሮ በየቀበሌው እጃቸውን እስካነሱት ድረስ። ኮሎኔል መንግሥቱ በሌሉበት በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ጥፋተኛ ተባሉ። ሂደቱ ተጓተተ፣ ተከሳሾች ያለ ፍርድ ለዓመታት ታሰሩ፣ የድሃ ተከሳሽ ጠበቃ ደካማ ነበር። ይህ ሁሉ ትክክለኛ ወቀሳ ነው። ነገር ግን የቀበሌ ሹም በስሙ ተጠርቶ «ይህን ሰው ገደልክ» የተባለበት ሰፊ ሂደት ነበር። ውጭ አገር የተደበቁትም አላመለጡም፤ በጎጃም በደርግ ስም የሠራው እሸቱ ዓለሙ በ2010 ዓ.ም. ሔግ ላይ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። እንግዲህ ማስተዋል የሚገባው፣ ዐቃቤ ሕጉ ጥርስ የኖረው ተከሳሹ መንግሥት ስለወደቀ ነው። የ1966ቱም መርማሪ የተሾመው በወደቁት ላይ ነበር። በኢትዮጵያ ሹም የሚከሰሰው ከተሻረ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ተቋም ከሳሽ የመሆን ሥልጣን አልነበረውም፤ ብዕር ብቻ። በመስከረም 1984 ዓ.ም. ፕሮፌሰር መስፍንና ሌሎች 31 ሰዎች የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤን፣ ኢሰመጉን፣ መሠረቱ። የመርማሪ ኮሚሽኑ ሰብሳቢ በሃያ ዓመት ውስጥ ሁለተኛ መርማሪ ተቋም ሲያቋቁሙ፣ የመጀመሪያው ለምን እንደከሸፈ ያውቁ ነበር፤ ሁለተኛው ከመንግሥት ውጭ ሆነ። የኢሰመጉ ዘዴ ቀላልና አድካሚ ነው። ሠራተኛው ወደ ገጠር ይሄዳል፤ ማን፣ መቼ፣ የት፣ በማን እጅ፣ ምን ደረሰበት የሚለውን ከተበዳዩና ከጎረቤቱ ይሰበስባል፤ መግለጫው በስም ዝርዝር ይወጣል። በአርሲው አርባ ጉጉና በሌሎች ቦታዎች በሽግግሩ ዘመን የደረሰውን እልቂት መዝግቧል። አንባቢው መንግሥት፣ ኤምባሲና ጋዜጣ ነበር። ገበሬው የሚያገኘው ነገር ቢኖር ስሙ በትክክል መጻፉ ነው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ወረዳው «እንዲህ ያለ ሰው አልታሰረም» ሲል ግን የተጻፈ ስም ብቸኛው ማስረጃ ነው።

ዋጋውም ተከፈለ። የጉባኤው የሥራ አስፈጻሚ አባልና የመምህራን ማኅበር መሪ የነበሩት አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። ፕሮፌሰር መስፍን ደጋግመው ታሰሩ። ከዚያ ጥይት የማያስፈልገው ዘዴ መጣ፤ በ2001 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 621 ከውጭ ከ10 በመቶ በላይ ገቢ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብት እንዳይሠራ ከለከለ። የኢሰመጉ የባንክ ሒሳብ ታገደ፣ ከ12 ቅርንጫፎቹ ዘጠኙ ተዘጉ፣ «የኢትዮጵያ» የሚለው ቃል እንኳ ከስሙ ወጣ። የተዘጋው ቅርንጫፍ የመጀመሪያ ተጎጂ የክፍለ ሀገሩ ባለጉዳይ ነው፤ አዲስ አበባ ያለ ሰው ሌላም በር ያንኳኳል። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተክቶ ጉባኤው ስሙን አስመለሰ። በ2017 ዓ.ም. ግን እንደገና ታገደ፤ እገዳው የተነሳው ከወራት በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የአርሲ ጉዳይ ሳላነሳ አላልፍም። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከአሰላ አቅራቢያ ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለች የ14 ዓመት ልጅ ነበረች። በበደሏ ላይ ያልደረሰላት ሕግ እሷን በግድያ ለመክሰስ ፈጥኖ ደረሰ። የቆመላት አዲሱ የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ሲሆን ልጅቱ ነጻ ወጣች። ጥብቅና የቆሙት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ማኅበሩም ቢሆን በዚያው በ621 ተሽመድምዷል። ጉዳዩ የሹም በደል ባይሆንም፣ ጠበቃ ወደ ገጠር ሲወርድ ምን እንደሚሆን ያሳያል።

ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. ሲጸድቅ በአንቀጽ 55 ሁለት ተቋማት እንዲቋቋሙ አዘዘ፤ ሰብዓዊ መብት ኮሚሽንና እንባ ጠባቂ። አዋጆቹ፣ 210 እና 211፣ የወጡት በ1992 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹ ኃላፊዎች፣ ዶክተር ካሳ ገብረ ሕይወት ለኮሚሽኑና አቶ አባይ ተክሌ ለእንባ ጠባቂ፣ የተሾሙት በ1996 ዓ.ም.። ሕገ መንግሥቱ ያዘዘው ሥራ ሰው እስኪያገኝ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ።

የእንባ ጠባቂው ሐሳብ ስዊድናዊ ነው፤ የስዊድን ፓርላማ በ1809 እ.ኤ.አ. የፈጠረው ሹመት። አርሲ ስዊድንን በደንብ ያውቃታል። ጭላሎን ጠቅሰናል፤ በ1970ዎቹ ሴቶች ያስተዳደሩት የዶዶታ የውኃ ፕሮጀክትም በእሷው እርዳታ የተሠራ ነው። ቧንቧው ሲመጣ ከነመፍቻው መጣ፤ የእንባ ጠባቂው ሐሳብ ሲመጣ ግን መፍቻው ስዊድን ቀረ። የስዊድኑ እንባ ጠባቂ በሥራው ያጠፋን ባለሥልጣን ራሱ ፍርድ ቤት ሊከሰው ይችላል። ብዙ ጊዜ አይከስም፤ መክሰስ እንደሚችል ስለሚታወቅ ደብዳቤው ይነበባል። የእኛው ይመረምራል፣ ሰነድ ያስቀርባል፣ የመፍትሔ ሐሳብ ይልካል። ምክረ ሐሳቡን ያለ በቂ ምክንያት የማይፈጽም ይቀጣል የሚል ድንጋጌ በአዋጁ አለ፤ ክሱን የሚያቀርበው ግን ዐቃቤ ሕግ ነው። ዐቃቤ ሕጉም የአስፈጻሚው አካል ነው። በተጨማሪ የጸጥታ ኃይሎች በብሔራዊ ደኅንነት ጉዳይ የሰጡትን ውሳኔ ተቋሙ እንዳይመረምር ተከልክሏል። የገጠር እስር የትኛው ነው በጸጥታ ስም ያልተፈጸመ?

የሰብዓዊ መብት ኮሚሽኑ የመጀመሪያ ዓመታት ቀዝቃዛ ነበሩ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ1997 ዓ.ም. በኦሮሚያ ገጠር ቤተሰቦች ጎትና ጋሬ በሚባሉ ቡድኖች ተደራጅተው እርስ በርስ እንዲጠባበቁ መደረጉን ሲጽፍ፣ ኮሚሽኑ ገና ቢሮ ያደራጅ ነበር። ትልቁ ቁጥር ከአፉ የወጣው በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. ነው፤ በኦሮሚያና በሌሎች ክልሎች በተነሳው ተቃውሞ 669 ሰዎች መሞታቸውን፣ ከእነዚህ 495ቱ በኦሮሚያ መሆናቸውን ለፓርላማ አቀረበ። ፓርላማው አዳመጠ። ከዚያ በ2011 ዓ.ም. ዶክተር ዳንኤል በቀለ ኮሚሽነር ሆኑ። በ1998 ዓ.ም. በሲቪል ማኅበረሰብ ሥራቸው ታስረው ከሁለት ዓመት በላይ የቆዩ ሰው ናቸው፤ እስር ቤቱን በሁለቱም በኩል ያውቁታል። በ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1224 ማቆያ ቦታን ያለ ቅድመ ማስታወቂያ የመጎብኘት ሥልጣን ለኮሚሽኑ ሰጠ። መግለጫው ድምፁን ቀየረ።

የዚህ ለውጥ ትልቁ ፈተና የመጣው ከደራ ብዙም ሳይርቅ ነው። በምሥራቅ ሸዋ ዞን ፈንታሌ ወረዳ፣ መተሃራ አካባቢ፣ ከረዩዎች ግመልና ከብት ያረባሉ፤ ገዳቸውን ጠብቀው የኖሩ አርብቶ አደሮች ናቸው። ኅዳር 21 ቀን 2014 ዓ.ም. በአካባቢው በተፈጸመ ጥቃት 11 ፖሊሶች ተገደሉ። በማግስቱ፣ ኅዳር 22፣ የመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች ከከረዩዎቹ መንደር 39 ሰዎች ይዘው ሄዱ፤ የሚችሌ ገዳ አባላትና አባ ገዳው ጭምር። 14ቱ ተገደሉ። የክልሉ ባለሥልጣናት ግድያውን የፈጸመው «ሸኔ» የሚሉት ታጣቂ ቡድን ነው አሉ። ከረዩዎቹ ግን ሰዎቻቸውን ማን እንደወሰዳቸው በዓይናቸው አይተዋል።

ኮሚሽኑ መርማሪዎችን ላከ። ጥር 25 ቀን 2014 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው ሪፖርት ሰዎቹን ይዘው የወሰዱትና ከፍርድ ውጭ የገደሉት የመንግሥት የጸጥታ አባላት ናቸው ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት እንዳለ ደመደመ፤ ፈጻሚዎቹ በወንጀል እንዲጠየቁም ጠየቀ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በኢትዮጵያ ታሪክ በሥልጣን ላይ ያለ መንግሥት ያቋቋመው ተቋም፣ በዚያው መንግሥት ባለሥልጣናት መግለጫ ላይ ቆሞ «እውነቱ ይህ አይደለም» ሲል ስንት ጊዜ ሰማን? ደፋር ሥራ ነው። ነገር ግን የኮሚሽኑ መንገድ እዚያ ላይ ያበቃል። መዝገብ መክፈት የፖሊስ ነው፤ ክስ መመሥረት የዐቃቤ ሕግ ነው፤ ሁለቱም የተጠርጣሪው ባልደረቦች ናቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ሮይተርስ ባወጣው ምርመራ በኦሮሚያ «ኮሬ ነጌኛ» የተባለ ስውር የጸጥታ ኮሚቴ ግድያና ሕገ ወጥ እስር ያዝዝ እንደነበር ዘግቦ የከረዩዎቹን ግድያ በዚያው አንስቷል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ኮሚሽኑ ራሱ በኦሮሚያ ሕፃናት ጭምር ለውትድርና በግዳጅ እንደተያዙ፣ ለማስለቀቅም ከቤተሰብ ገንዘብ እንደተጠየቀ አስታወቀ።

መንግሥት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል፤ ልዩ ዐቃቤ ሕግና ልዩ ችሎት ይኖራል ይላል። በወረቀቱ ላይ የጎደለው ከሳሽ ተገኝቷል ማለት ነው። መመዘኛው ግን አንድ ነው። በዛሬው ሹም ላይ መዝገብ ይከፍታል ወይስ እንደ 1984ቱ ያለፈውን ብቻ ይዳኛል? ከዚያ በመለስ ያለው ማሻሻያ ረጅም ሕግ አይፈልግም። አዋጅ 210 እና 211 ላይ አንድ አንቀጽ ጨምሮ፣ የምርመራው ውጤት በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ካልተፈጸመ ኮሚሽኑና እንባ ጠባቂው ራሳቸው ፍርድ ቤት መቅረብ እንዲችሉ ማድረግ ነው። የ2012ቱ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 የአስተዳደር ውሳኔን በፍርድ ቤት መሞገት ፈቅዷል፤ የሚመለከተው ግን የፌዴራል ተቋማትን ነው። ክልሉም ለወረዳና ለቀበሌ ውሳኔ የራሱን ሊያወጣ ይገባል።

እስከዚያው ድረስ ይህን ለምታነብ፣ ወይም ለገጠር ዘመድህ ለምታነብለት፣ ማወቅ የሚጠቅም ነገር አለ። የታሰረ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ካልቀረበ ቤተሰቡ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል፤ ለዶዶታ ሰው ይህ አሰላ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሕገ ወጥ እስር በአንቀጽ 423፣ እስረኛን ማሰቃየት በአንቀጽ 424 ወንጀል ነው። ለእንባ ጠባቂውና ለኮሚሽኑ የሚቀርብ አቤቱታ ክፍያ የለውም፤ በቃልም ይቀርባል። ወደየትኛውም ደጅ ከመሄድህ በፊት ግን ቀኑን፣ ቦታውን፣ የያዘውን ሰው ስምና ያዩትን ጎረቤቶች ጻፍ፤ አንዱን ቅጂ ከመንደሩ ውጭ ላለ ዘመድ ስጥ።